ሴቶችን ከሥራ የሚያስወጣው የወሊድ ፈቃዱ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የሥራ አመራር አማካሪ ስለ ወሊድ ፈቃድ የጻፉት ረጅም ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው 120 ቀን ለድሃ አገር የበዛ ነው፤ አሜሪካን የመሰለች ሀብታም አገር እንኳ ለወላድ ደመወዝ አትከፍልም። ወጪው አሠሪው ላይ ስለሚወድቅ ድርጅቶች ሴት መቅጠር ፈርተዋል፤ ስለዚህ ፈቃዱ የጎዳው ሴቶችን ራሳቸውን ነው። ሴቶቹም ፈቃዳቸውን ጨርሰው፣ ደመወዛቸውን ተቀብለው ወዲያው ሥራ ይለቃሉ። እናቶቻችን ያለ ፈቃድ ወልደው አሳድገውናል፤ ዛሬም ቤተሰብና የቤት ሠራተኛ አለ። የአባትነት ፈቃድ ቅንጦት ነው። መፍትሔው የፈቃዱን ርዝመት ለአሠሪውና ለሠራተኛዋ ስምምነት መተው ነው።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሴቶች ሥራ እንዲያገኙ ከልባቸው የሚፈልጉ እንደሆኑም አምናለሁ። በቁጣ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር፤ እንዲህ ረጋ ብሎ የቀረበ ስሕተት ግን አንባቢን ያሳምናል። እኔ በግል ድርጅቶች ውስጥ ለ11 ዓመታት በሰው ሀብት አስተዳደር ሠርቻለሁ። የደመወዝ መክፈያ ሰንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ፣ የወሊድ ፈቃድ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጫለሁ። ሁለት ጊዜም ወልጃለሁ፤ ሴቷን በድሮው አዋጅ፣ ወንዱን በአዲሱ። ስለዚህ ነገሩን ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ አይቼዋለሁ።

በአሜሪካው ልጀምር፤ ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነውና። የፌዴራሉ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን የሚሰጠው ያለ ክፍያ 12 ሳምንት ነው። እርሱም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት አሠሪ ዘንድ ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ ሰው ብቻ ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ያልነገሩን ነገር ግን አለ። ካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ከሠራተኞች በሚሰበሰብ መዋጮ ለወላጆች ትከፍላለች። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማም ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ከአሠሪዎች በሚሰበሰብ ግብር እንዲሁ ታደርጋለች፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በዚያው ዓመት ለራሱ ሠራተኞች የ12 ሳምንት የሚከፈልበት የወላጅነት ፈቃድ ፈቅዷል። ዛሬ በዋሽንግተን በግል ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ስትወልድ ክፍያዋን የምትጠይቀው አሠሪዋን ሳይሆን የከተማውን ፈንድ ነው። ጸሐፊው በምሳሌነት የጠሩት አገር ከጠሩት ቦታ እየለቀቀ ነው።

ደግሞስ ለምን የፈቃድ ነገር ስናነሣ ከሁሉ የዘገየውን አገር እንለካለን? የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የወሊድ ጥበቃ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1919 በዚያችው በዋሽንግተን ከተማ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ነበር። ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ማለት ነው። ያ ስምምነት ከወሊድ በፊት ስድስት ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ፈቃድ፣ ለምታጠባ እናት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ደንግጓል። ክፍያው ከመንግሥት ገንዘብ ወይም ከመድን እንዲሆንም አዝዟል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ለድሃ አገር የበዛ» የሚለውንም በቁጥር እንየው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ዝቅተኛውን መጠን 14 ሳምንት፣ ማለትም 98 ቀን ያደርገዋል። አብሮት የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ 18 ሳምንት፣ 126 ቀን እንዲሆን ይመክራል። የእኛ 30 ቀን ቅድመ ወሊድና 90 ቀን ድኅረ ወሊድ ሲደመር 120 ነው፤ ከሚመከረው ስድስት ቀን ያነሰ። ከሰማይ የወረደ ልግስና አይደለም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ርዝመቱ ሲወሰንም የሥራው ጠባይ፣ የእናቲቱ ጤንነት፣ የሕፃኑና የቤተሰቡ ደኅንነት ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። የአገር ሀብት መጠን ከመለኪያዎቹ ውስጥ አልተጻፈም።

በወረቀት ላይ 30 ቀን ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሴቷን ልጄን የወለድኩት በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ተከታታይ ቀን ነበር፤ እሑዱም በዓሉም ተቆጥሮ። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80ኛው ቀኗ ነው። ሕጉ ወደ ቢሮ የመለሰኝ በ61ኛው ቀን ነው። እናቴ አራስ ከቤት መውጣቱን ሰምታ ደረቷን ደቃች፤ ገና ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ጥላ የምትሄድ እናት በሕይወቷ አይታ አታውቅም ነበር። ለልጄ ክርስትና ከዓመት ፈቃዴ ላይ አንድ ቀን ለምኜ ወሰድሁ። በእነዚያ ሳምንታት ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ጡቴ ያጋታል፣ ሸሚዜ ይርሳል፤ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ጥዬ ወደ መጸዳጃ ቤት እሄድና ወተቱን አልቤ እደፋዋለሁ። የምታልብበት ንጹሕ ክፍልም፣ የምታስቀምጥበት ማቀዝቀዣም የለም። ልጄ ቤት በጡጦ የዱቄት ወተት ትጠጣለች፤ የእርሷ ወተት ደግሞ እኔ ዘንድ ይፈስሳል። ይህን ስጽፍ እንኳ ያ የመጸዳጃ ቤት ሽታ ይመጣብኛል።

ወንዱን በ2013 ስወልድ ሕጉ ተለውጦ ነበር። ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ገና 50 ቀን በእጄ ነበረኝ። ልዩነቱን በቁጥር መለካት አልችልም፤ ጸሐፊው እንዲቀነስ የሚፈልጉት ግን እነዚህን ቀናት ነው። ሦስት ወሩም ቢሆን ይበቃል አልልም። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «ስድስት ወር» ብለን ለጥፈን፣ በአሠሪ ቢሮ «ሦስት ወር» እንላለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም እናቲቱ ከተመለሰች በኋላ ስለ ማጥቢያ ሰዓት የሚለው ነገር የለም። ጸሐፊው ሕጉ ላይ ክፍተት ከፈለጉ ይኸውላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ወጪው ሴቶችን ያስጠላል ይላሉ። ይህን ክርክር በቅን ልብ እቀበለዋለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ «አግብተሻል? ልጅስ አስበሻል?» ሲባል ሰምቻለሁ። ወንዱን አመልካች እንዲህ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ የተጀመረው በ2011 ነውን? በፍጹም። ድኅረ ወሊዱ 60 ቀን በነበረበት ጊዜም በዚያው ድምፅ፣ በእነዚያው ሰዎች አፍ ይጠየቅ ነበር። 30 ቀን ሲጨመር ጥያቄው አልተወለደም፤ 30 ቀን ቢቀነስም አይሞትም። ሴት ሠራተኛን በጥርጣሬ የሚያይ አሠሪ ቀኖቹን አይቆጥርም። ሆዷን ነው የሚያየው።

ወጪውንስ ሒሳብ እንሥራ፤ ይህ የእኔ ሙያ ነው። ለምሳሌ 100 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት እንውሰድና በዓመት አራት ሴቶች ወለዱ እንበል። እያንዳንዷ አራት ወር ብትወጣ 16 የደመወዝ ወራት ይሆናል። የድርጅቱ የዓመት ክፍያ ደግሞ 100 ሰው በ12 ወር ሲባዛ 1,200 የደመወዝ ወራት ነው። ደመወዛቸው ተቀራራቢ ከሆነ ወጪው ከጠቅላላው 1.3 በመቶ ገደማ ነው። ድርጅት የሚዘጋው በዚህ ነውን? በዚያው አዋጅ የታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የተቀሩት ያለ ክፍያ። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ወንድ እግሩን ሊሰብር ይችላልና አንቅጠረው ያለ ኮሚቴ ግን አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር በሐቅ ልስጣቸው። አምስት ሠራተኛ ያለው ፋርማሲ ወይም የልብስ ስፌት ቤት ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። አምስት ሰው በ12 ወር 60 የደመወዝ ወራት ነው፤ አንዷ ብትወልድ አራቱ ወር ወደ 6.7 በመቶ ይጠጋል። በዚያ ላይ ተተኪ ቀጥሮ መክፈል አለ። ይህ ይከብዳል፤ ትንሹን ባለ ሱቅ ክፉ ሰው ነው አልልም። እርሱን የሚያስጨንቀው ግን የቀኑ ብዛት ሳይሆን ሙሉ ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። ጸሐፊው ችግሩን በትክክል አይተው መድኃኒቱን ሳቱት የምለው ለዚህ ነው። ሸክም ሲከብድ ልጁን ከመሸከሚያው ላይ አያወርዱትም፤ ተሸካሚ ይጨምራሉ።

ከላይ አደራ ያልኩትን አስታውሱ። የ1919ኙ ስምምነት ክፍያው ከሕዝብ ገንዘብ ወይም ከመድን ይሁን ብሎ ነበር። ስምምነት ቁጥር 183ም ምክንያቱን ገልጾ ይደግመዋል፦ በሥራ ገበያ የሴቶችን ቦታ ለመጠበቅ ሲባል የወሊድ ክፍያ በግዴታ የማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ ይሸፈን፤ አሠሪው በመርሕ ደረጃ ብቻውን ተጠያቂ አይሁን። ማለትም ጸሐፊው ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት ያቀረቡት ሥጋት ከመቶ ዓመት በፊት ታውቋል፤ መልስም ተሰጥቶበታል። መልሱ ፈቃዱን ማሳጠር አልነበረም።

የሩቅ አገር ምሳሌ አይሁንብን ካሉም ሩዋንዳ አለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የወሊድ ፈቃድ ፈንድ አቋቁማለች። ሠራተኛው ከደመወዙ 0.3 በመቶ፣ አሠሪው 0.3 በመቶ ያዋጣሉ። ወንዱም ሴቷም፣ የወለደውም ያልወለደውም ያዋጣል። ስትወልድ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሠሪዋ፣ የቀሩትን ፈንዱ ይሸፍናል። 10,000 ብር ለሚከፈለው ሰው 0.3 በመቶ ማለት በወር 30 ብር ነው። ዕድርና ዕቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ይከብዳል? አንዱ ሲያዝን ሁሉም ያዋጣል፤ አንዷ ስትወልድስ? እኛ ዘንድ ደግሞ መሰብሰቢያው ቋት አዲስ መፈጠር አያስፈልገውም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ በየወሩ ያስገባሉ፤ እኔ ራሴ ለዓመታት ያንን ዝርዝር ሞልቻለሁ። በዚያው ቅጽ ላይ አንዲት ዓምድ መጨመር ነው። ያን ጊዜ አሠሪው ሴት ቀጠረ ወንድ ቀጠረ መዋጮው አንድ ነው፤ ሴት ባለመቅጠር የሚያተርፈው የወሊድ ወጪ የለም። ጸሐፊው ለሴቶች ሥራ የሚያስቡ ከሆነ ብዕራቸውን እዚህ ላይ ቢያውሉት ምንኛ ደስ ባለኝ።

«ፈቃዳቸውን ጨርሰው ይለቃሉ» ስለሚለው። አዎ፣ የሚለቁ አሉ። የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን የምቀበለው እኔ ስለነበርኩ ምክንያታቸውንም ሰምቻለሁ። «ሌላ ሥራ አገኘሁ» ያለችኝ ጥቂት ናት። አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ታሪክ አንድ ዓይነት ነበር፦ ለሞግዚት የምትከፍለው ከደመወዟ ምን ያህል እንደሚያስቀር ቆጥራለች፤ የሦስት ወር ሕፃን የሚቀበል የሕፃናት ማቆያ በአካባቢዋ የለም፤ ካለም ዋጋው አይቀመስም፤ ከቤቷ እስከ መሥሪያ ቤቷ በታክሲ ሰልፍ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። አንዷ፣ በሙያዋ የማደንቃት ሴት፣ ደብዳቤውን ስትሰጠኝ «ልጄን ማን ይይዝልኝ?» ብላ ሳትጨርስ አለቀሰች። ይህችን ሴት በልታ ሄደች ማለት ይከብደኛል። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ተመሳሳይ ግዴታ አልተጻፈም። የለቀቁትን ከመቁጠር በፊት ምን ቢኖር ይቆዩ እንደነበር መጠየቅ ይገባል። ልምድ ያላትን ሠራተኛ አጥቶ አዲስ ማሠልጠንም ወጪ ነው፤ እርሱ ግን በማንም የወጪ መዝገብ ላይ ሲጻፍ አላየሁም።

ስለ እናቶቻችን የተባለው ልቤን ነክቶታል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። እናቶቻችን ያለ ፈቃድ ወለዱ የሚለው እውነት አይደለም። ደመወዝ አልነበራቸውም እንጂ ፈቃድስ ነበራቸው። አራስ ቤት ምን ነበር? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባው ጎረቤት ገንፎውን ያገነፋል፣ አጥሚቱን ያፈላል፣ ቅቤውን ያነጥራል። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም፣ ምድጃ አትጠጋም። እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሥራዋን እናቷ፣ እኅቷ፣ አማቷ ይከፋፈሉታል። ማንም በአዋጅ ሳያዛቸው ሠፈሩ ወጪውን ተካፍሎ ይሸፍነው ነበር። ጸሐፊው አልነበረም የሚሉት የወሊድ ፈቃድ ይኸው ነው፤ ከዚያም በላይ ፈንዱ ጭምር ነበረ። ይህ ለሁሉም እኩል ተዳርሷል አልልም፤ በወለደች በሳምንቱ ወፍጮ ላይ ያጎነበሰች ድሃ እናት ብዙ ነበረች። እርሷን ግን እናዝንላት ነበር እንጂ አርአያ አላደረግናትም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 412 ደርሷል። ያለፈውን ዘመን እንደ ጤና ማስረጃ ማቅረብ በእነዚያ እናቶች ፊት ይከብዳል።

ያ የአራስ ቤት ሥርዓት ዛሬ የት አለ? በሐዋሳ ወይም በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋውን ልጅ አስቡ። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። እናቷ ማሳዋን ትታ ለሦስት ወር አትመጣላትም። ጓደኞቿ በፈረቃ ይሠራሉ። ገንፎውን የሚያገነፋላት ማን ነው? ለዚህች ልጅ ሠፈሯ ሕጉ ነው። ሕጉን ከቀነስንባት በምትኩ የምንሰጣት ዘመድ የለንም።

«የቤት ሠራተኛ አለ» ለሚለው ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የቤት ሠራተኛዋ ራሷ ስትወልድስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ያደርጋል። የእኛን የወሊድ ፈቃድ በትከሻዋ የምትሸከመው ሴት የራሷ የላትም። በአብዛኛው ሆዷ ሲገፋ ትሰናበታለች። እኔም ልጆቼን ያሳደጉልኝ እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ ይህን አረፍተ ነገር ስጽፍ አንገቴን ቀና አድርጌ አይደለም።

የአባትነት ፈቃድን ጸሐፊው ቅንጦት ብለውታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ አባት በሕግ ያለው ከሙሉ ክፍያ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው። ቅንጦቱ ሦስት ቀን ነው! በቀዶ ሕክምና የወለደች ሚስት ከሆስፒታል ሳትወጣ ፈቃዱ ሊያልቅ ይችላል። ባለቤቴ ሁለተኛውን ልጃችንን ስወልድ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ስፌቴ አልጠገገም፣ ቁጭ ብዬ መነሣት አልችልም ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛ አባት በ2010ሩ አዋጅ የተፈቀደው 10 የሥራ ቀን ነበር። ሁለት አባቶች በአንድ ዋርድ በር ላይ ቆመው የአንዱ ልጅ አባቱን 10 ቀን፣ የሌላው ሦስት ቀን የሚያገኝበትን ምክንያት ለማስረዳት ሞክሬ አልቻልኩም።

ይህም ቢሆን ከጸሐፊው ዋና ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። ልጅ ሲወለድ 120 ቀን የምትቀረው ሴቷ፣ ሦስት ቀን የሚቀረው ወንዱ ከሆነ አሠሪው ልጅን «የሴት ወጪ» አድርጎ ቢያይ ምን ይደንቃል? አባትም የሚወጣበት ቀን ሲበዛ ልጅ የሁለት ሰው መሆኑ በደመወዝ መክፈያው ላይም ይታያል። ስዊድን ይህን ገና እ.ኤ.አ. በ1974 ጀምራዋለች፤ ዛሬ ለአንድ ልጅ 480 የሚከፈልበት ቀን ለወላጆቹ ይሰጣል፣ ከዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ወላጅ 90 ቀን ለሌላው የማይተላለፍ ነው። እንደ ስዊድን እንሁን አላልኩም፤ አቅማችንን አውቃለሁ። ነገር ግን ከሦስት ወደ 10 ቀን ለመሄድ ስዊድን መሆን አያስፈልግም።

የመጨረሻው ሐሳባቸው ፈቃዱን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት እንተወው የሚል ነው። ስምምነት እኩል ጉልበት ባላቸው ሰዎች መካከል መልካም ነገር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚጠብቅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንኳ በሌለበት አገር፣ ሥራ ፈላጊው በር ላይ ተሰልፎ ባለበት፣ ነፍሰ ጡር ሴት በምን አቅሟ ትደራደራለች?

አንድ ቀን በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጠን ለሒሳብ ሠራተኛነት አመልካቾችን ስንጠይቅ ዋልን። በጽሑፍም በቃልም ፈተና አንደኛ የወጣችው ሰፊ ሹራብ የለበሰች ወጣት ነበረች። መልሷ የተቆጠበና ጥርት ያለ ነበር፤ እጆቿን ግን ከሆዷ ላይ አላነሣችም። ስትወጣ አንዱ አባል «ያረገዘች ትመስላለች» አለ። ሌላ የተባለ ነገር የለም፤ ሁለተኛው ተመረጠ። ሴቶች በማንኛውም ሁኔታ በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው የሚደነግገው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 87 ያን ቀንም በሥራ ላይ ነበር፤ ቁጥሩንም ከእኛ ውስጥ በደንብ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። «ለሥራው ያላት ዝግጁነት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። የወሊድ ፈቃዱ በስምምነት ይሁን ለሚሉት ጸሐፊ የምጠይቀው ያችን ልጅ በተመለከተ ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ፊት፣ ሹራቧን ወደ ታች እየጎተተች፣ ስንት ቀን ይሰጠኝ ብላ ትጠይቀን ነበር?